ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

ሰው ሲሞት ምን ማድረግ እንዳለብን አስተማሪ አያስፈልገንም። ጥሩምባው ተነፍቶ ሳያበቃ ድንኳኑ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ብረት ድስቱ ይጣዳል። ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን እንጀራ ይዞ እንደሚመጣ፣ ማን ከሐዘንተኛው ጋር እንደሚያድር ጥያቄ አይነሣም። ተራ አለ፣ ስም ጥሪ አለ፣ ለቀረም ቅጣት አለ። ለሞት እንዲህ የተደራጀን ሕዝብ ነን።

በዚያው ሰፈር ሞት አፋፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው አለ። ደረቱ ተከፍቶ፣ ልቡ ተጠግኖ ቤቱ ገብቷል። "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ብለን ብርቱካንና ሙዝ ይዘን ሄደናል፤ ሚስቱ ያፈላችውን ቡና ጠጥተን፣ ያቀረበችውን ቆሎ ቆርጥመን ወጥተናል። በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂው ሳሳ። በሦስተኛው ጭራሽ ቀረ። ሴትዮዋ ከመድኃኒቱ ሰዓት፣ ከቁስሉ፣ ከልጆቹ፣ ከውሃው ፈረቃ፣ ከመሥሪያ ቤቷ ማስጠንቀቂያና ከራሷ ፍርሃት ጋር ብቻዋን ናት።

ይህን የምጽፈው ለእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ለጽዋ ማኅበርተኞች፣ ለመስጊድ ጀመዓ፣ ለዕቁብተኞች፣ በአንድ ግቢና በአንድ ብሎክ ለምንኖር ጎረቤቶች ሁሉ ነው። ለቀብር ያለንን ተራ ለማስታመምም እናውለው። የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በገባበት ቤት፣ ቢያንስ ለሦስት ወር፣ የእድሩ ተረኛ ይኑር።

ለምን ሦስት ወር? በአብዛኛው ክፍት የልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹ ልብ ጋ የሚደርሱት የፍርምባውን አጥንት ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው ነው። ሲጨርሱ ሁለቱን ወገን ገጥመው በማይዝግ ሽቦ ያስሩታል። ላይኛው ቆዳ በጥቂት ሳምንት የዳነ ይመስላል፤ አጥንቱ ግን ገጥሞ እስኪጠና ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። እጁ የተሰበረ ሰው ጀሶ ይታሰርለታል። ደረት በየትንፋሹ ስለሚንቀሳቀስ ጀሶ አይታሰርበትም፤ ጀሶው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ታማሚው ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ እንዳያነሣ፣ በእጁ ተመርኩዞ እንዳይነሣ፣ ከባድ ነገር እንዳይገፋና እንዳይጎትት፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ መኪና እንዳይነዳ ተነግሮት ይወጣል።

ይህ ትእዛዝ ወደ እኛ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን እንይ። ቢጫዋ ጀሪካን 20 ሊትር ትይዛለች፤ ስትሞላ 20 ኪሎ ናት፤ ከተፈቀደው አራት እጥፍ። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያቺ ጀሪካን የግድ ደረጃውን መውጣት አለባት። የአንድ ዓመት ልጅ 9 ወይም 10 ኪሎ ይመዝናል፤ እናቱን ሲያይ እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ልታነሣው አትችልም። ሊጥ ማቡካት፣ የራሰ ብርድ ልብስ መጭመቅ፣ ከሰል በማዳበሪያ መጎተት፣ የተሞላ የጋዝ ሲሊንደር ማንሣት፣ ሁሉም ደረትን የሚወጥር ሥራ ነው።

ቤቱ ራሱ ታማሚውን ይፈትነዋል። መሬት ላይ ከተነጠፈ ፍራሽ ወይም ከአጭር በርጩማ በእጅ ሳይደገፉ መነሣት ከባድ ነው። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤትም እንደዚያው፤ ያውም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሆድ ድርቀት በሚበዛበትና ማማጥ በማይመከርበት ጊዜ። መፍትሔው የአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አልጋውን በእንጨት ከፍ ማድረግ፣ ከአሮጌ ወንበር መሐሉ የተበሳ መቀመጫ መሥራት። በየእድሩ አናጢ አለ። ለሬሳ ሣጥን በሌሊት የሚነሣ ሰው ለዚህ ቅዳሜ ከሰዓቱን እንደማይሰጥ የሚነግረኝ ካለ አላምነውም፤ ያልተሰጠው ስላልተጠየቀ ነው።

ሸክሙ በእኛ አገር የከበደበት ሌላም ምክንያት አለ። በሀብታም አገሮች የልብ ቀዶ ሕክምና ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የልቡ ደም ሥር የጠበበበት፣ ልጆቹን ያሳደገ አዛውንት ነው። እንዲህ ያለ ታማሚ እኛም ዘንድ አለ። ሆኖም ከታማሚዎቻችን ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም፣ ቶንሲል የምንለው፣ አንዳንዴ ሰውነት ባክቴሪያውን እዋጋለሁ ሲል የራሱን የልብ ቫልቭ እንዲያጠቃ ያደርገዋል፤ ጉዳቱ በዓመታት ውስጥ እየከፋ ሄዶ ሰውየው ቤት በመሠረተበት፣ ልጅ በወለደበት ዕድሜ ይጥለዋል። አስታማሚዋም ገና ጡት የምታጠባ፣ የቤት ኪራይ የምትከፍል፣ ከእሱ ደመወዝ ውጭ መተዳደሪያ የሌላት ልትሆን ትችላለች።

እነዚህን ታማሚዎች ለማሳከም ሕዝባችን ምን ያህል እንደሚረባረብ ሁላችንም ምስክር ነን። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የራሱን ማዕከል በ2001 ዓ.ም. እስኪከፍት ድረስ ብዙ ሕፃናት ሕይወታቸው የተረፈው ውጭ አገር ተልከው ነው። ዛሬም አዋቂ ታማሚን ወደ ሕንድ ለመላክ ጎረቤት ያዋጣል፣ የሥራ ባልደረባ ከደመወዙ ያስቆርጣል፣ ዋሽንግተንና ሪያድ ያለ ዘመድ በስልክ ይለምናል። ገንዘቡ ሞልቶ ሰውየው አውሮፕላን ሲሳፈር ግን ሥራችን ያለቀ ይመስለናል። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣንበት ልብ ከሁለት ወር በኋላ በአንዲት ጀሪካንና ባልተዋጠች ኪኒን ምክንያት ሊታጣ እንደሚችል አናስብም። ያዋጣ ሁሉ እስከ ሦስተኛው ወር አብሮ ይቁም።

እስቲ መጀመሪያ የጥየቃችንን ነገር እናስተካክል። ሰላምታችን ትከሻ ለትከሻ መጋጨት ነው፤ የፍርምባ አጥንቱ ገና ያልገጠመን ሰው እንዲህ ሰላም ማለት ማሠቃየት ነው። ከሩቅ እጅ ነሥቶ መቀመጥ ንቀት አይደለም። ጉንፋን የያዘው ሰው ቤቱ ሆኖ ይደውል። ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው የከሰልና የዕጣን ጭስ በታፈነበት ክፍል አይጨስለት። ይዘን የምንሄደውንም እናስብበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ገደማ። በሽሮውና በበርበሬው ውስጥ አብሮ የተፈጨውን፣ በአዋዜው ያለውን ስንደምር የአንድ ቀን ልካችን በምሳ ብቻ ሊያልፍ ይችላል። "ይጠንክር፣ ደም ይተካ" ብለን በቅቤ ያራስነው ገንፎና ጨው የበዛበት ዶሮ ወጥ ለዚህ ሰው ስጦታ አይሆንም። ጨው ሳይገባበት የተቀቀለ ምስር፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ለልጆቹ ደግሞ በሳህን ተከድኖ የመጣ ምሳ ይበልጣል። ሩብ ሰዓት ተቀምጠን እንነሣ። ቡናውን አስታማሚዋ አታፍላ፤ ካማረን እኛው አፍልተን፣ ሲኒውን አጥበን እንሂድ። በዚህ በሽታ የሞተ ሰው ታሪክም በዚያ ቤት አይወራ።

አስታማሚዋ የምትሠራውን ሥራ ብዛት ከውጭ የሚያይ አይገምተውም። የማውቃት አንዲት እናት የልጇን አሮጌ የሒሳብ ደብተር ገልብጣ ከኋላው ጀምራ ትጽፍበት ነበር። በማስመሪያ የተሰመሩ ዓምዶች አሉት፤ ዕለት፣ ክብደት፣ ትኩሳት፣ ግፊት፣ የጠዋት ኪኒን፣ የማታ ኪኒን፣ የእርምጃ ደቂቃ። ባሏ በየማለዳው ሽንቱን ሸንቶ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ያንኑ ቢጃማ ለብሶ ሚዛን ላይ ይወጣል። አንድ ሰኞ 61 ኪሎ የነበረው ረቡዕ 63 ተኩል ሆነ። እግሩ አላበጠም፣ "ደህና ነኝ፣ ምግብ ስለተስማማኝ ነው" ይላል። እሷ ግን በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ሥጋ እንደማይሆን ከሆስፒታል ሲወጣ ተነግሯት ስለነበር ደወለች። ሐኪሙ በዚያው ዕለት አስመጥቶ የሚያሸና መድኃኒቱን አስተካከለለት። ሰውነቱ ውሃ መያዝ ጀምሮ ነበር።

ያቺ ሚዛን በየቤቱ የለችም። አንድ የሰው ሚዛን፣ አንድ የትኩሳት መለኪያና አንድ የግፊት መለኪያ እድሩ እንደ ድንኳኑ በንብረትነት ቢይዝ፣ ከታማሚ ወደ ታማሚ እየተዘዋወረ ስንቱን ቤት ያገለግል ነበር! የግፊት አለካኩን የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታሳይ። ሁላችንም፣ ተረኛ የምንሆን ሁሉ፣ ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡትን ምልክቶች በቃል እንያዛቸው፤ ከ38 ዲግሪ የሚያልፍ ትኩሳት፣ ቁስሉ ሲቀላ ወይም መግል ሲያዥ፣ ሲተነፍስ ወይም ሲገላበጥ የደረቱ አጥንት ሲንቋቋ፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ራሱን ሲስት። አፉ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም አንድ እጁ ከዛለ ነገ አይጠበቅም። ይህ በሌሊት ቢደርስ አስታማሚዋ ስልኳን አንሥታ ማንን እንደምትጠራ አስቀድማ ትወቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ከዚያም ባሻገር መኪና ያለው አንድ ጎረቤት "የዚህ ሳምንት ሌሊት የእኔ ነው፣ ስልኬን አላጠፋም" ይበላት። ይህቺ አንዲት ቃል ብቻ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ትሰጣት እንደነበር ጠይቋት።

የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ጉዳይ ደግሞ በሦስት ወር አያልቅም። ጸጥ ባለ ሌሊት አጠገቡ የተኛች ሚስት ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ ቀጭን ድምፁን ትሰማለች። ያ ብረት ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን የሚባለው የደም ማቅጠኛ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ መዋጥ አለበት። ካነሰ ደም ይረጋል፣ ቫልቩን ይዘጋል ወይም ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ከበዛ ይደማል። ልኩ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ነው፤ ለብዙዎቹ የሚፈለገው ቁጥር ከ2 እስከ 3፣ ወይም ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በምርመራው ቀን ከክፍለ ሀገር በሌሊት ተነሥቶ የሚመጣ አለ። ምርመራው እንዳይዘለል፣ ኪኒኑም ሳያልቅ በፊት እንዲገዛ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ከመድኃኒት ቤት ኪኒኑ በጠፋ ጊዜ ሦስት አራት ጎረቤት በየአቅጣጫው ቢደውልና ቢፈልግ ሚስትየዋ ከፒያሳ እስከ መርካቶ በእግሯ ከምትዞር ይሻላል።

ዋርፋሪንን የሚያዛባው ብዙው ነገር ከወጥ ቤታችንና ከልማዳችን የሚመጣ ነው። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የያዙት ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ይህን የሰሙ ቤተሰቦች ጎመንን ጨርሰው ይከለክላሉ፤ ትክክል አይደለም። የሚፈለገው ሳምንት ከሳምንት ተመሳሳይ መጠን መብላት ነው። ችግር የሚመጣው በድንገት ሲለወጥ ነው፤ ለምሳሌ በፍስክ ጎመን ያልቀመሰ ሰው በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ጎመንና ቆስጣ ሲደጋግም፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሲተወው። ታማሚው መጾም ከፈለገ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፣ ደሙም ይታይ። በረመዳን የኪኒኑ ሰዓት እንዴት እንደሚሆን እንዲሁ አስቀድሞ ይጠየቅ። ወገቤን አመመኝ ብሎ ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት መግዛት፣ ለጉንፋን ተብሎ የተቀመመ የባህል መድኃኒት መጠጣት የደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የጥርስ ሐኪሙ ስለ ቫልቩ ማወቅ አለበት፤ ከአፍ የገባ ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ ሊሰፍር ይችላልና። እንጥል ማስቆረጥማ ከቶ አይታሰብ።

የነፍስ አባቶች በዚህ ጥሪ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላችሁ። ታማሚው የሚፈራው ሐኪሙን ሳይሆን እናንተን ነው። አጥንቱ እስኪገጥም ስግደቱን በቃላችሁ አስቀሩለት፤ ጾሙን እንደ አቅሙ አድርጉለት። ቁስሉ ሳይደርቅ ጠበል አይጠመቅ። ጠበል እየጠጣ ኪኒኑን እንዳይተው ደግሞ ከእናንተ አንደበት ይስማ። የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር፤ ያ ምክር ለልብ ታማሚም ይነገር። ኢማሞችም እንዲሁ፤ ተቀምጦ መስገድ ለታማሚ የተፈቀደ መሆኑን ደግማችሁ ንገሩት፣ እፍረቱ እንዲለቀው።

እስካሁን "ሚስቱ" ስል ቆየሁ። የታመመችው ሚስት ስትሆን ነገሩ ይለወጣል፤ በዚህ ላይ ባሎችን በግልጽ ልናገራቸው እፈልጋለሁ። ባል ሲታመም ሚስት ሥራዋን ትታ ትቀመጣለች፤ ሚስት ስትታመም እናቷ ከገጠር ትጠራለች፣ ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ከትምህርት ትቀራለች። እናትየዋ ስትመለስ ታማሚዋ በአምስተኛው ሳምንት ምጣድ ሥር ትገኛለች። ማንም አላዘዛትም፤ ቤቱ ሲዝረከረክ ማየት አቅቷት ነው የተነሣችው። ወንድሜ፣ ከመነሣቷ በፊት አንተ ተነሥ። ውሃውን ቅዳ፣ ልብሱን እጠብ፣ እንጀራውን ከገበያ ግዛ፤ ልጁን አንሥተህ አልጋው ላይ አጠገቧ አስቀምጥላት፣ ጎንበስ ሳትል ትቀፈው። ጸጉሯን አጥበህ አበጥርላት፤ ክንዷን ወደ ላይ ማንሣት ያማታል። ጓደኞችህ ቢስቁ፣ የሳቀውን በስም ጠርተህ ለሐሙስ የውሃ ተራ መዝግበው።

ዘመዶችም ከአንድ ነገር እንጠንቀቅ። ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ካረገዘች መድኃኒቱ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ በራሷ ብታቆመው ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ እርግዝና ከመታሰቡ በፊት ባልና ሚስት አብረው ከሐኪም ጋር ሊማከሩ ግድ ነው። "አሁንማ ድነሻል፣ አንድ ወንድ ልጅ ጨምሪልን እንጂ" የሚሉ አማቶችና አክስቶች ይህን ቃል ይዋጡት። የወር አበባዋ ከበዛም በዝምታ የምትሸከመው ነገር አይደለም፤ ባልየው ጠይቆ ይወቅ፣ አብሯት ይሂድ።

ስለ መንፈስ ድካምም ዝም ልንል አይገባም። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ቶሎ መቆጣት፣ መርሳት፣ ቅዠት፣ የምግብ ጣዕም መጥፋት ብዙ ታማሚ ላይ ይታያል። ትላንት ተመስገን ሲል የነበረ ሰው ዛሬ ሾርባውን ገፍቶ ሚስቱ ላይ ይጮኻል። እሷ ደግሞ ስትፈራ የኖረችው ሞቱን ነበርና ለቁጣው አልተዘጋጀችም። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይቀላል፤ ካልቀለለ፣ መኖር ሰለቸኝ ማለት ከጀመረ፣ ይህም እንደ ትኩሳቱ ለሐኪም የሚነገር ምልክት ነው። የሽማግሌ ዕርዳታ እዚህ ጋ ነው የሚፈለገው፤ ሊመክሩት ሳይሆን ይዘውት ሊወጡ። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ አምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ እስከ ሱቁ፣ ቀጥሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር፤ እየተራመደ ማውራት እስከቻለ ድረስ። እየተራመዱ የሚያወሩት የሰፈር ወሬ ከመድኃኒቱ እኩል ይሠራል ብዬ አምናለሁ። አልጋ የመጋራቱንም ነገር ባልና ሚስት አፍረው ይተዉታል፤ ሐኪሞች በአብዛኛው የሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያለከልክ መውጣት ለቻለ ሰው፣ ደረቱ ሳይጫን፣ ይፈቅዳሉ። ይጠይቁ፤ ነውር የለበትም።

አሠሪዎችስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛው ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ይሰጣል። የትዳር ጓደኛው ደረቱ ተከፍቶ ቤት ለገባ ሠራተኛ ግን በስሙ የተጻፈ ፈቃድ የለም፤ ሊጠይቅ የሚችለው "ለየት ያለና አሳሳቢ ሁኔታ" በሚለው ሥር እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ነው። ሕጉም እንደ እድራችን ሞትን ይጠብቃል። አዋጁ እስኪሻሻል አንጠብቅ፤ የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ የማስታመም ፈቃድ አስገቡ፤ ባልደረቦች የሥራ ፈረቃችሁን ለአስታማሚዋ ቀይሩ፤ አለቃ የሆናችሁም በስልክ የሚሠራውን ሥራ ከቤቷ እንድትሠራ ፍቀዱላት። በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ የአገሩ ሕግ ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ለምትሠሩት ለትዳር ጓደኛ ማስታመሚያ እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣችኋል፤ ያለ ክፍያ ስለሆነ ግን ኪራይ ፈርቶ ብዙው ሰው አይወስደውም። የአስታማሚዋን ቤት የአንድ ወር ኪራይ የሚሸፍን መዋጮ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ማንሣት፣ ታማሚውን ወደ ልብ ማገገሚያው ስፖርት የሚያደርስ ሹፌር መመደብ ለእናንተ ከባድ አይደለም።

"እድር ለቀብር ነው የተቋቋመው፣ ደንቡ አይፈቅድም" የሚል ድምፅ ከወዲሁ ይሰማኛል። ደንብ የጻፍነው እኛ ነን። በኤችአይቪ ዘመን፣ በየሳምንቱ ድንኳን ስንተክል፣ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ታማሚ አስታመዋል፣ ወላጆች የሞቱባቸውን ልጆች ደግፈዋል። ያን ጊዜ የተቻለ ዛሬም ይቻላል። ገንዘብ የለንም ለሚሉም፣ የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ስድሳ አባላት ያሉት እድር ተራውን ቢከፋፈል ለአንድ ሰው በሦስት ወር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢደርሰው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የወሩ ስብሰባ፣ የወር መዋጮው ከመሰብሰቡ በፊት፣ አንድ ሰው እጁን ያውጣና ይህን ያንሣ። ጸሐፊው አዲስ ገጽ ይክፈት። የሳምንቱ ውሃ ቀጂ፣ ምሳ አምጪ፣ ወደ ቀጠሮ አጃቢ፣ ባለ መኪናው የሌሊት ተጠሪ፣ ከልጆቹ ጋር የቤት ሥራ የሚሠራ ተማሪ በስም ይመዝገብ፤ ለቀብር የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ እዚህም የቀረ ይቀጣ። በሳምንት አንድ ከሰዓት አንዲት ሴት ከታማሚው ጋር ትቀመጥና አስታማሚዋ ወጥታ ትተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳም፣ የራሷን ግፊትም ትለካ፤ የራሷን ሕመም የምታስታውሰው መጨረሻ ላይ ነውና። ወደ ቤቱ የምንገባው ግን ጠይቀን ነው። የታማሚ ገመና የሰፈር ወሬ አይሁን፤ ተረኛው ያየውን እዚያው ትቶ ይውጣ።

አንቺም፣ ባልሽን የምታስታምሚው፣ አንተም፣ ሚስትህን የምታስታምመው፣ ልምዳችን ሆኖ ሰው "ምን ልርዳ?" ሲል "ኧረ ምንም አልጎደለም፣ ተመስገን ነው" እንላለን። ይህን መልስ ለሦስት ወር ተዉት። የእድሩ ጸሐፊ በር ሲያንኳኳ ደብተሩን አሳዩት፤ ማክሰኞ ጠዋት ለደም ምርመራ አብሮ የሚሄድ ሰው፣ ሐሙስ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ቅዳሜ የልጆቹን ልብስ የሚያጥብ ሰው እንፈልጋለን በሉት፣ እሱም እዚያው ፊታችሁ ስም ይጻፍበት።